ዲግሪው ይቆየን፣ ላቦራቶሪው ይከፈት

ምዕራብ ጎጃም፣ ፍኖተ ሰላም ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ያለፈ ልጅ ለቤተሰቡ «እኔ ናኖሳይንስ ነው መማር የምፈልግ» ቢል፣ አባት መጀመሪያ የሚጠይቁት ይታወቃል። «ሕክምና ነው እንዴ?» አይደለም። «እንጅነሪንግ?» እሱም በደንብ አይደለም። «ታዲያ ተምረህ ስትወጣ ማን ይቀጥርሃል ልጄ?» ይህን ጥያቄ ኋላ ቀርነት አድርገው የሚወስዱ የተማሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ ጥያቄው ተገቢ ነው ባይ ነኝ፤ መልሱ ግን አባትም ልጅም ከሚያስቡት ሌላ ነው።

ናኖሳይንስን በመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች በዓለም ላይ አሉ። የዴንማርኩ ኦርሁስ አንዱ ነው። ከአፍሪካ ደግሞ በኖቤል ተሸላሚው በአሕመድ ዘዌል ስም የተሰየመው የግብፁ ዘዌል ሲቲ አለ። በእኛ አገር የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ናኖቴክኖሎጂን ከልህቀት ማዕከላቱ አንዱ አድርጎታል፤ ሥራው ግን በዋናነት የምርምርና የድኅረ ምረቃ ነው። «ለምን ከታች አይጀመርም?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። አሁን ባለንበት ሁኔታ መጀመር የለበትም እላለሁ። ይህን የምለው ናኖ ለምዕራብ ጎጃም አይጠቅምም ብዬ አይደለም፤ ከብዙ ነገር በላይ ይጠቅማል።

ናኖሳይንስ የሚያጠናው በናኖሜትር የሚለካውን ነገር ነው፤ ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በግርድፉ ሰማንያ ሺህ ናኖሜትር ይሆናል። ነገር ወደ ናኖሜትር መጠን ሲወርድ ጠባዩ ይለወጣል፤ አንዱ ምክንያት የገጽ ስፋቱ ነው። በሁሉም ጎኑ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ ስድስት ፊት አለው፤ ፊቱ ተደምሮ ስድስት ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያንኑ ድንጋይ፣ ክብደቱ ሳይጨምርና ሳይቀንስ፣ ጎናቸው አንድ ናኖሜትር ወደሆነ ቅንጣቶች ብንከፋፍለው የፊቱ ድምር ስድስት ሺህ ካሬ ሜትር ይደርሳል። በጎጃም ገበሬ መለኪያ ከሁለት ቃዳ በላይ ማለት ነው። ከሌላው ነገር ጋር የሚያያዘው፣ የሚዋሐደው፣ የሚቃጠለውም ፊቱ ስለሆነ ነገሩ ሁሉ ይፈጥናል።

አሁን ከፍኖተ ሰላም ማንኩሳን አልፈን ወደ ቡሬ እንሂድ። ግራና ቀኙ ቀይ አፈር ነው። ያ ቅላት የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ብዙው ቅንጣቱም በናኖሜትር የሚለካ። ገበሬው በብድርም በጥሪቱም ገዝቶ የሚበትነው ማዳበሪያ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ እነዚህ የብረትና የአሉሚኒየም ቅንጣቶች በሰፊው ገጻቸው ይዘው ያስቀሩታል። በቆሎው ሥሩ አጠገብ ምግብ እያለ ይራባል። አፈሩ በኮመጠጠ ቁጥር ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ የሟሟ አሉሚኒየም ሥሩን ይጎዳዋል። የግብርና ባለሙያ መፍትሔው ኖራ ነው ይላል፤ ልክ ነው። ነገር ግን ኖራው ምን ያህል ደቀቀ? በደንብ ያልተፈጨ ኖራ አፈር ውስጥ ዓመት ከርሞም ሥራውን አይጨርስም። የሚፈለገውም በሄክታር በብዙ ኩንታል ስለሆነ ማጓጓዣው ራሱ ራስ ምታት ነው። የፎስፈረሱ መያዝም የኖራው ድቀትም የገጽ ስፋት ጉዳይ ነው። ናኖ ሲባል ስለ ስልክና ስለ ሮቦት ብቻ የሚያስብ ተማሪ ካለ የአባቱን ማሳ ቆፈር አድርጎ ይይ።

ሌላም ነገር አለ። የሕንዱ የማዳበሪያ ኅብረት ሥራ ድርጅት ኢፍኮ እ.ኤ.አ. በ2021 «ናኖ ዩሪያ» የተባለ ፈሳሽ ለገበያ አቀረበ። ግማሽ ሊትር የምትይዝ ጠርሙስ 45 ኪሎ የሚመዝን የዩሪያ ከረጢት ትተካለች ተባለ። እስኪ እናስላው። መጀመሪያ የወጣው ፈሳሽ ናይትሮጅኑ 4 በመቶ ነበር፤ ጠርሙሷ ውስጥ ያለው 20 ግራም ገደማ ነው። ተራ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስላለው ከረጢቱ ውስጥ 20 ኪሎ ግድም አለ። ልዩነቱ ሺህ እጥፍ ነው። ከከረጢቱ ግማሹ በጎርፍና በአየር ባከነ እንበል፤ አሁንም አምስት መቶ እጥፍ ይቀራል። ቅጠል ላይ ሲረጭ በቀላሉ ስለሚገባ ነው የሚለው ማብራሪያ የጎደለውን ናይትሮጅን ከየት እንደሚያመጣው አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ2023 የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ አንስተው አጥብቀው ተችተዋል።

በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ጠፍቶ የአማራ ክልል ገበሬ ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ አቤት ማለቱን እናስታውሳለን። እንዲህ ባለ ክረምት አንድ ነጋዴ ጠርሙሱን ይዞ ቡሬ ገበያ ቢመጣ ማን ይጠይቀዋል? ከላይ ያሰላነውን ለማስላት የናኖ ዲግሪ አያስፈልግም፤ በደንብ የተማሩት የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ይበቃል። ጭንቀቴም ይኸው በደንብ የተማሩት የሚለው ላይ ነው።

እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት «ላቦራቶሪ» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ነበረው። ቁልፉ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ነው። አንድ ቀን ወንበር አውጡ ተብለን ስንገባ ቴስት ቲዩቡ ከነካርቶኑ፣ የአሲዱ ጠርሙስ ወረቀቱ ተልጦ ምን እንደያዘ ሳይታወቅ፣ ላዩ ላይ የተሰበረ ዴስክ ተቆልሎ አየን። ሙከራ የምናየው በፕላዝማ ቴሌቪዥን ነበር፤ መብራት ሲኖር። ኬሚስትሪን እንደ ታሪክ ሸምድደን አለፍን። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገር አቀፉ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ መሆኑ ለብዙ ሰው ዱብ ዕዳ ሆነበት። ለእኛ ላቦራቶሪውን ላየነው አልሆነብንም። ከዚያ ወዲህ በምዕራብ ጎጃም የሆነው ደግሞ የባሰ ነው፤ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ዓመታት ያለፉት ልጅ ብዙ ነው።

እንዲህ ባለ መሠረት ላይ ናኖሳይንስ የሚባል ክፍል ቢከፈት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ፊዚክስንና ኬሚስትሪን «የመምህርነት ዕጣ» እያለ የሚሸሽ ተማሪ በስሙ ተማርኮ ይጎርፋል። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሌለበት፣ ቢገዛም መብራት ሲቆራረጥና መለዋወጫው የውጭ ምንዛሪ ሲጠብቅ፣ አራት ዓመት በስላይድ ተምሮ ይወጣል። የጎጃም ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ዳዊት ሳይደግም ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ መምህሩንም ራሱንም ያደክማል።

እርግጥ ነው የኦርሁስን ዓይነት ትምህርት የሚያሞካሹ ሰዎች ነጥብ አላቸው። ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሒሳብ አንድ ላይ ሲሰጡ ተማሪው ገና ከጅምሩ በአንድ አጥር ውስጥ አይታጠርም። ይህ ግን የክፍል ስም ሳይለወጥም ይቻላል። ከናኖሳይንስ ጋር በሚቀራረብ መስክ ስማቸው የገነነው ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ከኤም አይ ቲ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት በማቴሪያል ሳይንስና ምሕንድስና ነው። (አባታቸው የግእዝ ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ መሆናቸውን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ አባት ብራናውን፣ ልጅ ቁሱን።)

ስለዚህ ናኖ ያማረህ የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ ያማረሽ የቡሬ ልጅ፣ ምርጫ ስትሞሉ ኬሚስትሪን ወይም ፊዚክስን አትፍሩ፤ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም አለ። ማቴሪያል ሳይንስ ከፈለጋችሁ ባሕር ዳርና አዳማ ሞክሩ። የአፈር ሳይንስም ቢሆን ከመንገዱ አያወጣችሁም። ናኖው በሁለተኛ ዲግሪ ይደርሳል። አባት «ማን ይቀጥርሃል?» ሲሉ ደግሞ መልሱ የአፈር ላቦራቶሪው፣ የዘይት ፋብሪካው፣ የቡሬው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው መባል አለበት፤ እነሱም ኬሚስት ፈልገው ማስታወቂያ ማውጣት አለባቸው።

ለትምህርት ቢሮው የምለው አጭር ነው። አንድ ጉማጅ የኖራ ድንጋይና በክብደት እኩል የሆነ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ለየብቻ ሎሚ ይጨመቅበት፤ የትኛው ቶሎ እንደሚፈላ ልጆቹ በዓይናቸው ይዩት። ዋጋው የሁለት ብርጭቆና የጥቂት ሎሚ ነው። ቁልፉን ለኬሚስትሪ መምህሩ ስጡት።