የገዛ ድምፅን ስለ መስማት

ዜማ ከመምህር አፍ ወደ ደቀ መዝሙር ጆሮ የሚተላለፍ ትምህርት መሆኑን በዜማ ቤት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ በ16ኛው ምዕተ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ይዘትን፣ ድፋትን፣ ርክርክንና የቀሩትን ምልክቶች ለድጓው ቢያበጁለትም እንኳ፣ ተማሪው የሚቀናው የኔታ ሰምተው «ተመለስ» ሲሉት ነው። እንግዲህ ከሥራ መልስ በቤቱ መዝሙር ለሚያጠና፣ ወይም የትዝታንና የባቲን ቅኝት ለሚለማመድ፣ መምህርም በአጠገቡ ለሌለው ሰው ማን «ተመለስ» ይለዋል?

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ጀርመን አገር ሄደው ሳሉ ነበር፤ ዛሬ ለዚያ ብቸኛ ተማሪ ምስክር ሊሆነው የሚችለው መቅረጫ በየሰው ኪስ ውስጥ አለ። የሚያሳዝነኝ አጠቃቀማችን ነው፤ አብዛኛው ሰው ደጋግሞ ይቀዳና ያማረለትን መርጦ ለወዳጅ ዘመድ ይልካል፣ ነውር ያለበትን ግን በቅጡ ሳያዳምጥ ይደመስሳል፤ ትምህርቱ ከነውረኛው ጋር አብሮ ይጠፋል።

የገዛ ድምፁን በመጀመሪያ የሰማ ሰው መደንገጡ አይቀርም። በምንዘምርበት ጊዜ ድምፃችን ወደ ጆሯችን የሚደርሰው በአየርም በራስ ቅላችን አጥንትም ስለሆነ፣ አጥንቱም ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ ስለሚያመጣው፣ የአየሩን ብቻ የሚይዘው መቅረጫ ቀጭንና ባዕድ አድርጎ ያሰማናል፤ ጎረቤት ሲታገሠው የኖረው ግን ይኸንኑ ነው።

ስለ አቀዳዱ ብዙ ማለት አያሻም፤ ባዶ ግድግዳ እያስተጋባ ጉድለትን ስለሚሸፍን፣ መጋረጃና ምንጣፍ ባለበት ክፍል ስልኩን አንድ ሁለት ርምጃ ያህል አርቆ ማስቀመጥ ይበቃል። ጭንቁ ማዳመጡ ላይ ነው። ዘምሮ ወዲያው የሚያዳምጥ ሰው የሚሰማው ያሰበውን እንጂ ያወጣውን ስላልሆነ፣ በማግስቱ፣ ልብ በጽሞና ሲሆን፣ ግጥሙን በወረቀት ጽፎ መቀመጥ ይገባዋል። በመጀመሪያው ማዳመጥ ክራር ይዞ፣ ድምፁ ትንፋሽ ሲያልቅ የት ላይ ከቅኝቱ ዝቅ እንዳለ ይመርምር፤ በሁለተኛው ዜማውን ትቶ ቃሉን ብቻ ይከተል፣ የሚጠብቀው ፊደል ላልቶ፣ የሚላላውም ጠብቆ ትርጓሜው የተፋለሰበት ስንኝ ብዙ ጊዜ የሚታየው ያን ጊዜ ነውና። ጥፋቱን ባገኘበት ቃል ራስ ላይ፣ እንደ አበው ልማድ፣ ምልክት ያኑርበት፤ በሚቀጥለውም ልምምድ ከምልክቶቹ አንዱን ብቻ ያርም።

ይህ ሁሉ መምህርን ይተካል አልልም። መቅረጫ ይመሰክራል እንጂ አያርምም፤ ጉሮሮ ስለምን እንደሚታነቅ፣ ትንፋሽ ከወዴት መነሣት እንዳለበት አይናገርም፣ ስለዚህም ምልክት ያለበትን ወረቀትና ቅጂውን ይዞ ዐዋቂ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ የምትቀዳውን ለማንም አትላክ፤ አትደምስሰውም፤ ነገ እርሳስ ይዘህ አዳምጠው።