በበዓል ቀን ሳንባውን ለውሻ አትወርውሩ

ዛሬ ስለ ውሻ ልጽፍላችሁ ነው። «አንቺ የሰው ሐኪም አይደለሽም እንዴ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ነኝ። የምጽፈውም ለዚሁ ነው፤ ውሻ የሚያኝከው ነገር ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ሲመጣ ስላየሁ።

አንዲት እናት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቷ ሥር እየከበዳት መጣች። «ጨጓራ ነው» ብላ ለወራት መድኃኒት ስትውጥ ቆይታለች። በአልትራሳውንድ ሲታይ ጉበቷ ላይ ውኃ የቋጠረ ትልቅ ከረጢት ተገኘ። «ውሻ አላችሁ?» ስላት ሳቀች። «አለን፤ ምን አገናኘው ዶክተር?» «በግ ስታርዱ ሳንባውን ማን ይበላዋል?» አልኳት። መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ።

በሽታው ሀይዳቲድ ሲስት ይባላል። የሚያመጣው ኢካይኖኮከስ የሚባል ትንሽ የውሻ ትል ነው። በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች ሆኖ ይቀመጣል። ውሻ ያንን ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። ከሳምንታት በኋላ በዓይን የማይታዩ እንቁላሎች ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣሉ። ግቢው አፈር ላይ፣ ጎመኑ ላይ፣ የውሻው ጸጉር ላይ ይቀራሉ። ልጃችሁ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ከበላ እንቁላሉን ዋጠው ማለት ነው።

ከረጢቱ የሚያድገው ቀስ ብሎ ስለሆነ ለዓመታት ምንም ላይሰማ ይችላል። ዛሬ የዋጠው ልጅ የሚታመመው ጎልማሳ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከረጢቱ ሆድ ውስጥ ከፈነዳ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

ብዙ ሰው «እኛ ጥሬ ሥጋ አንበላም» ይለኛል። ከጥሬ የከብት ሥጋ የሚመጣው የምናውቀው ኮሶ ነው። ይሄኛው የሚመጣው ከውሻ ዓይነ ምድር ነው። ጥሬ ሥጋ በአፉ ያልዞረ ሰውም ይይዘዋል።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር መቅረት አለበት። «እሱም ነፍስ ነው፣ በዓል ነው» ካላችሁ እስማማለሁ። ግን ከትፋችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀቅላችሁ ስጡት። ከረጢት ያለበትን አትስጡ፤ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ከአጥር ውጭ መጣልም መፍትሔ አይደለም፤ የሰፈሩ ውሻ በልቶት የሰፈሩ ልጆች መጫወቻ ላይ ይጸዳዳል።

ታዲያ ምን ያኝክ?

✅ ጥሬ ካሮት ወይም ያለ ቅመም የተቀቀለ ቁራጭ ሥጋ።

✅ የሚታኘክ ነገር ከገዛችሁ በጥፍራችሁ ተጫኑት። ምልክት ካልተቀበለ የውሻውን ጥርስ ሊሰብር ይችላል። በአንዴ እንዳይውጠው ከአፉ የሚበልጥ ይሁን፤ አልቆ ትንሽ ሲቀር ውሰዱበት።

✅ ከደረቅ ቆዳ የተሠራ ማኘኪያ ሳልሞኔላ ሊኖርበት ስለሚችል ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሕፃናት አይያዙት።

❌ የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ። እንደ ስንጥር ተሰንጥቆ ጉሮሮውንና አንጀቱን ይወጋል።

❌ የወጥ ትራፊ። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው።

ሌላው ደግሞ፣ ውሻ አጥንት ይዞ ሲያኝክ ልጅ አይጠጋው። የቤቱ ውሻ ቢሆንም ይነክሳል። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡትና ሳታሳድሩ ጤና ተቋም ውሰዱት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም ማለት ይቻላል።

«እስከ ዛሬ ስንሰጠው ኖረናል፣ ምን ይሻለናል?» ለምትሉ፦ አትደንግጡ፣ ውሻውንም አታባርሩት። ትሉን የተሸከመ ውሻ ጤነኛ ስለሚመስል በማየት አይታወቅም። ወደ እንስሳት ሐኪም ወስዳችሁ የትል መድኃኒት አሰጡት፤ ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን ጠይቁ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚደገምም አስጽፉ። የእብድ ውሻ ክትባቱንም በዚያው ጨርሱ። ከቤተሰባችሁ በቀኝ ጎኑ የሚከብደው፣ ወይም ሳሉ አልለቅ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ሲመረመር ውሻ እንዳላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። እኛ ሐኪሞችም ሳንጠይቅ የምናልፍበት ጊዜ አለና።

ውሻው የሚበላውን የመረጥነው እኛ ነን። ለመጪው በዓል ቢላው ከመሳሉ በፊት የሳንባውን ጉድጓድ ቆፍሩ። ግቢያችሁ ውስጥ ለሚያርድላችሁ ሰውም ቀድማችሁ ንገሩት።

ውሻ ላለው ጎረቤታችሁ ሼር አድርጉለት።