ውሃ ማስረግ ለሁሉም ተዳፋት አይበጅም

ጥርና የካቲት ሲደርስ ሕዝቡ አካፋና ዶማውን ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። እርከን ይሠራል፤ የውሃ ማስረጊያ ቦይ ይቆፈራል። ሥራው አፈር አድኗል፤ ደርቀው የነበሩ ምንጮችንም መልሷል። በአንኮበርና በጣርማ በር ገደላማ ተዳፋቶች ግን ዶማ ከመነሣቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ የሰረገው ውሃ ወዴት ይሄዳል?

ተራራችን ወጥ ድንጋይ አይደለም። የተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ዝናቡን ተቀብሎ ወደ ታች ያወርደዋል። ከሥሩ ያለው ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ንጣፍ በስብሶ ጭቃ ሲሆን ደግሞ ውሃውን አያሳልፍም። ውሃው እዚያ ይጠራቀማል፤ ግፊቱ ሲያይል ተዳፋቱ መያዣ ያጣል። በደብረ ሲና አካባቢ የአርሶ አደሮችን ቤትና ማሳ ይዞ የወረደው መሬት የተንሸራተተው በመስከረም 1998 ዓ.ም ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ከርሞ ማለት ነው።

ውሃው የት እንደቆየ ምንጩ ራሱ ይናገራል። ከዐለት ጋር ለረጅም ጊዜ የቆየ ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ሶዲየምና ባይካርቦኔት አሟምቶ ይወጣል፤ ትናንት የዘነበው ግን ገና ማዕድን አልያዘም። በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ልዩነቱን በደቂቃዎች ያሳያል። በበጋ የተለካ ምንጭ ዝናብ በጣለ ማግስት ቁጥሩ ድንገት ከወረደ፣ ውሃው በስንጥቅ አቋርጦ እየገባ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። መለኪያው ናዳው የሚወርድበትን ቀን አይነግርም፤ የት መቆፈር እንደሌለበት ለመወሰን ግን ይረዳል።

ችግሩ የዘመቻው ሪፖርት የሚለካው በኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ስንጥቅ ባለበት ማሳ ላይ የተቆፈረ ቦይም እንደ ስኬት ይቆጠራል! በእኔ እምነት የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች እንዲህ ያለውን ቦታ ከማስረጊያ ዕቅድ ማውጣት አለባቸው። እዚያ የሚያስፈልገው ከስንጥቁ በላይ ጎርፉን ቀልብሶ ዐለታማ ወደሆነ መውረጃ የሚወስድ ቦይ ነው። ስንጥቁም በጭቃ ተጠቅጥቆ ይደፈን። የጎለበተ ምንጭ ትርፍ ውሃ እንዳይሰርግ በቱቦ ይውረድ፤ የሚያፈስ የመስኖ ቦይም ይጠገን።

ምንጩ መቼ እንደደፈረሰ፣ መቼ ቦታ እንደቀየረ ዘወትር ከሚቀዱት እናቶች በላይ የሚያውቅ የለም። መለኪያው እስኪገዛ ድረስ እነሱ የሚሉት የሚመዘገብበት ደብተር በየቀበሌው የግብርና ባለሙያ እጅ ይኑር፤ የዘንድሮው ቦይ ከመቀየሱ በፊትም ይነበብ።