ልጅን ወደ መስተዋት ጥበብ ትምህርት ስለ መላክ

በጎፋ ገብርኤል አጠገብ የሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ ባለፈው ሰሞን ምክር ጠየቁን። ሴት ልጃቸው ትምህርቷን ጨርሳ በጽሕፈት ቤት ሥራ ከያዘች በኋላ፥ ወደ ባሕር ማዶ ተሻግራ፥ ተማሪዎች ከመምህራን ጋር አብረው እየኖሩ የመስተዋት ጥበብ በሚማሩበት ቤት ጥቂት ሳምንታት ለመቀመጥ ቈርጣለች። እናቲቱም «ለእጅ ሥራ ከሆነ በየቅዳሜው ከቤቷ እየተመላለሰች ብትማር ምን ይጐድልባታል? ተመልሳስ በጎፋ ምን እሳት ታነዳለች?» ይላሉ። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም፤ ይልቁንም ሁለተኛው።

ፊተኛውን አስቀድመን እንመልከት። ከምድጃ የወጣ መስተዋት ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። እንደ ማር ይለጠጣል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግን ይደርቃል። ሠራተኛው በብረት ቧንቧ ጫፍ ጠቅልሎ እየነፋ ሳያቋርጥ ካላዞረው፥ ወደ አንድ ወገን ይንጠለጠላል። አንዱ ሲነፋ ሌላው ቧንቧውን ያዞርለታል፤ ሌላው ደግሞ የምድጃውን በር ይከፍትለታል። ሥራው ካለቀ በኋላም በሌላ ምድጃ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ቀስ በቀስ ካልበረደ ይሰነጠቃል። እንግዴህ ቅዳሜ ጧት መጥቶ ቀትር ላይ የሚሄድ ተማሪ የሥራውን መጀመሪያ ያያል እንጂ የእጁን ስሕተት በማግሥቱ አያገኘውም። ከዚህ ስሕተት በቀር ደግሞ መስተዋት ሌላ መምህር ያለው አይመስለንም።

አሜሪካዊው የመስተዋት ጥበበኛ ዴል ቺሁሊ በ1968 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን) በቬኒስ አጠገብ ባለችው በሙራኖ ደሴት፥ ቬኒኒ በሚባለው ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጦ፥ ሠራተኞቹ በማኅበር ሲሠሩ ተመለከተ። በ1971ም ሐውበርግ ከሚባሉ ባልና ሚስት ጋር ሆኖ፥ ከሲያትል ከተማ በስተ ሰሜን በጫካ ውስጥ ፒልቸክ የተባለውን ትምህርት ቤት አቋቋመ። በመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎቹ መጠለያቸውን በዝናም ውስጥ በገዛ እጃቸው ሠሩ። ልጁን የሚልክ ወላጅ ይህን ቢሰማ ይደነግጥ ይሆናል፤ እኛ ግን ከትምህርቱ አንድ ክፍል አድርገን እንቈጥረዋለን።

ወይዘሮዋ በግልጥ ያልጻፉት ሌላ ነገርም ከደብዳቤያቸው ውስጥ ይታያል፤ ይኸውም የእጅ ሥራ ክብር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1908 ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን መስደብ ከልክለው ነበር። የአዋጁ ቃል ግን ወደ አንዳንድ ቤት ገና የደረሰ አይመስልም፤ ብርሌውን በክብር ይዞ ጠጁን የሚጠጣው ሰው እንኳ ብርሌውን ማን እንደ ነፋው አይጠይቅም።

ከጎፋ ተነሥቶ በሜክሲኮ አደባባይ በኩል ወደ መስቀል አደባባይ የሚሄድ ሰው፥ ጥቂት ወደ ላይ ቢወጣ የአፍሪካ አዳራሽን ያገኛል። በ1961 በተመረቀው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋት 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ በሦስት ክፍልም የአፍሪካን ያለፈ መከራ፥ የዘመኑን ትግልና የወደፊቱን ተስፋ ያሳያል። አዳራሹ ታድሶ በ2024 እንደ ገና ተከፍቷል። ይህን የሠሩት ሰው በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። ወደ ሥዕል ዞሩ፤ በ1954 በአዲስ አበባ ሥራቸውን ካሳዩ በኋላም እንደ ገና ወደ አውሮፓ ተመልሰው ባለቀለም መስኮት መንደፍንና መሥራትን አጠኑ። የላካቸው ወገን የጠበቀው የማዕድን መሐንዲስ ነበር፤ አገሪቱ ያገኘችው ግን ይህን መስኮት ነው።

አሁን ስለ እሳቱ። በዚህ ላይ ከእናቲቱ ጋር እንስማማለን። መስተዋት የሚያቀልጥ ምድጃ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ መንደድ ስላለበት፥ ወጪው ለአንድ ቤተ ሰብ የሚቻል አይደለም። ልጅቱ መንፋትን ብቻ ተምራ ብትመለስ፥ በጎፋ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ወደ ትምህርት ቤቱ ጽፋ፥ የቀዝቃዛውን መስተዋት ሥራ እንድትጨምር እንመክራለን። ይህ ሥራ ንድፉን በወረቀት አውጥቶ፥ ባለቀለሙን መስተዋት በመቍረጫ ጭሮ በጭረቱ ላይ መስበርና ቍርጥራጩን በእርሳስ ዘንግ አያይዞ መበየድ ነው። አንድ ጠረጴዛና ጥሩ ብርሃን ያለው ክፍል ይበቃዋል። ክፍሉ ግን ማድ ቤት አይሁን፤ ሕፃናትም አይግቡበት። እርሳስ መርዝ ነውና የነካው እጅ ሳይታጠብ እንጀራ አይቍረስ። የመስተዋቱም ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ በደረቅ መጥረጊያ አይነሣ።

ለስንቋም ነገር ጠይቀውናል። ናይሎን በእሳት አጠገብ ቀልጦ ከገላ ጋር ስለሚጣበቅ፥ የሥራ ልብሷ የጥጥ ይሁን። ጫማዋ ጣትን የሚሸፍን ቆዳ ይሁን፤ ጠጕሯንም አጥብቃ ትሠር። ጋቢውን በሻንጣዋ ውስጥ መክተታቸው መልካም ነው፤ ከምድጃው ፊት ውሎ ወደ ሌሊቱ ብርድ ለሚወጣ ሰው ያስፈልገዋልና።