የጨዋታ ፍሬም ገደብ ይበጅለት

በሴኮንድ 60 ጊዜ ብቻ ለሚታደስ ስክሪን ግራፊክስ ካርዱ 300 ምስል (ፍሬም) ቢያመርት ትርፉ ሙቀት፣ የማራገቢያ ጩኸትና የመብራት ወጪ ነው። በ2021 የአማዞን «ኒው ወርልድ» ጨዋታ ገና በሙከራ ላይ ሳለ አንዳንድ እጅግ ውድ ካርዶች ከጥቅም ውጭ ሆኑ፤ አማዞንም በማውጫ ገጹ ላይ ፍሬም የሚገድብ ማሻሻያ ለቀቀ። የካርድ አምራቹ ኢቪጂኤ በኋላ ችግሩ የብየዳ ጉድለት መሆኑን ገልጿል። ቢሆንም፣ ቆሞ ለሚጠብቅ ገጽ ካርድን ያን ያህል ማስጨነቅ ምን ይረባል?

ፍሬምን ከስክሪኑ ዕድሳት ጋር የሚያስማማው ቪሲንክ የተባለው ገደብ ምላሽ ያዘገያል የሚሉ ተፎካካሪ ተጫዋቾች እውነት አላቸው፤ ምስሉ የስክሪኑን ዕድሳት ይጠብቃልና። እነሱ ቪሲንክን አጥፍተው፣ የምስል መሰንጠቁን ችለው፣ ከፍ ያለ የፍሬም ጣሪያ ያብጁ። ጨዋታ ሠሪዎች ግን ገደቡን ከመጀመሪያው አብርተው ይልቀቁ፤ የማይፈልግ ያጥፋው።