ሕግን እንወቅ፦ ይቅር ያለ ማን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንበሳሜ ላይ ከማታ ትምህርት በኋላ ወሬ ተነሣ። ስለ ክስና ስለ ፍርድ ነበር። አንዲት እናት እንዲህ አሉ።

«ወንድሜን በቀይ ሽብር ጊዜ ጎንደር ከተማ ገደሉት። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ኋላ የደርግ ሹማምንት ሞት ተፈረደባቸው ሲባል ሰማሁ። ደግሞ ትንሽ ቆይቶ ተፈቱ ተባለ። እኔን ሳይጠይቅ ይቅር ያለ ማን ነው?»

ጥያቄው ከባድ ነው። በአንድ ቃል አይመለስም። ያን ማታ የነገርኳቸውን ለሁላችሁም እጽፋለሁ።

ሹም ሲወርድ መመርመሩ አዲስ ነገር አይደለም። በ1966 ዓ.ም. የንጉሡ ሹማምንት ታሰሩ። ሀብት ዘርፈዋል፣ የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ዝም ብለዋል ተባሉ። ነገሩን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ኮሚሽኑ ሰው እየጠራ ይጠይቅ፣ የተባለውንም ይጽፍ ነበር። እንዲህ ያለው ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። ደርግ ግን አልጠበቀም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስድሳ ያህል ሰዎች ተገደሉ። አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ሁለቱም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ፣ ከሟቾቹ መካከል ናቸው። ክስ አልተነበበላቸውም። ጠበቃም አልቆመላቸውም። ማን አጠፋ፣ ማን አላጠፋም የሚለው ሳይለይ ቀረ። የተጀመረው ምርመራም ከንቱ ሆነ።

ደርግ በተራው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን ወደ ዚምባብዌ ሸሹ። ሌሎቹ ተያዙ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 «ልዩ ዐቃቤ ሕግ» የሚባል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ዐቃቤ ሕግ ማለት በሕዝብና በመንግሥት ስም የሚከስ ማለት ነው። ከ5000 በላይ ሰዎች ተከሰሱ። ብዙዎቹ በሌሉበት ነው የተከሰሱት።

ማስረጃው ከየት መጣ? ምስክር ቀረበ። ከምስክሩ ሌላ ግን ወረቀት ነበር። ደርግ የሚሠራውን ሁሉ ይጽፍ ነበር። ትእዛዙ ከነፊርማው፣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ከነማኅተሙ ተገኘ። ያላዘዝኩት ነው ያለ ሰው ፊርማውን አሳዩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ አባቶቻችንና እናቶቻችን ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻውን ያወጀውም ያው መንግሥት ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

ችሎቱ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተከፈተ። ዋናው ፍርድ የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! እኛ የአንድ በሬ ክስ አንድ ክረምት ቢያልፍበት እናማርራለን። ፍርድ ቤቱ በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ናችሁ አላቸው። ጥር ላይ ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ዐቃቤ ሕግ ይህ አነሰ ብሎ ይግባኝ አለ። ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመንግሥቱና በሌሎች 18 ሰዎች ላይ ሞት ፈረደ።

የጎንደር ነገርም ታይቷል። የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ የነበሩት ሻለቃ መላኩ ተፈራ ተከሰው ሞት ተፈርዶባቸዋል። እናቶች በእርሳቸው ዘመን ያወረዱት ሙሾ እስከ ዛሬ አልተረሳም።

አሁን ወደ ይቅርታው እንምጣ። ይቅርታና ምሕረት በሕግ አንድ አይደሉም። ምሕረት የሚሰጠው በአዋጅ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዳወጣው ያለ ነው። ይቅርታ ግን ለተፈረደበት ሰው የሚደረግ ነው። ሰውየው ያመለክታል፤ የይቅርታ ቦርድ ይመረምራል፤ ፕሬዚዳንቱ ይወስናሉ። ይህን ሥልጣን የሰጣቸው ሕገ መንግሥቱ ነው፤ አንቀጽ 71።

ግን ገደብ አለው። አንቀጽ 28ን ልብ በሉ። ዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰውን መሰወር፣ ማሠቃየት በይርጋ አይታገዱም ይላል። ይርጋ ማለት ጊዜው ስላለፈ ክሱ ቀረ ማለት ነው። እነዚህ ወንጀሎች ስንት ዓመት ቢያልፍ አይቀሩም። በምሕረትም በይቅርታም አይታለፉም። አንዲት በር ብቻ ተከፍታለች። ሞት የተፈረደበት ከሆነ ርእሰ ብሔሩ ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ ሊለውጡለት ይችላሉ።

በ2003 ዓ.ም. የሃይማኖት አባቶች ስለ እስረኞቹ ለመንግሥት ለመኑ። ግንቦት 24 ቀን ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23ቱን ሰዎች የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ። ፕሬዚዳንቱ ያደረጉት ይህን ብቻ ነው።

ታዲያ እንዴት ወጡ? በአመክሮ ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው 20 ዓመት ከታሰረና ጠባዩ ከታረመ በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። እነርሱ ደግሞ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ ታስረው ነበር። ቁጠሩት፤ 20 ዓመት ሞልቷል። መስከረም 23 ቀን 2004 ዓ.ም. 16 ሰዎች ከእስር ወጡ። ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስና ፍሥሐ ደስታ ከእነርሱ መካከል ናቸው። ሁለቱም ኋላ መጽሐፍ ጽፈዋል። ፍርዱ ግን አልተሰረዘም። ጥፋተኛ የተባለ ጥፋተኛ እንደ ተባለ ነው።

ደግሞ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ብርሃኑ ባየህና አዲስ ተድላ። በ1983 ዓ.ም. ጣሊያን ኤምባሲ ገብተው ተሸሸጉ። ሰላሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. እነርሱም በዚያው መንገድ ወጡ። የሞት ፍርዱ በፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ተለወጠ፤ ቀጥሎም በአመክሮ ተለቀቁ። ያን ያህል ዘመን በአንድ ግቢ መኖር እስር አይደለም የሚል ካለ ይሞክረው።

እናታችን ይህን ሁሉ ሰሙ። «በእኛ አገር ደም ሲፈስ ሽማግሌ ይላካል» አሉ። «ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን እግር ይወድቃል። ይቅር የሚለው የሟች ወገን ነው።» እውነታቸውን ነው። ሕጉ የመጨረሻውን ቃል ለቤተሰቡ አልሰጠም። እኔ ግን አንበሳሜም ሆነ ጎንደር ወርዶ ቤተሰቡን የጠየቀ ቢኖር ደግ ነበር እላለሁ።

ትንሽ ቆይተው «ሞቱንስ እኔም አልፈለግሁትም» አሉ። «ግን የወንድሜ ስም መዝገቡ ላይ ይኖር ይሆን?» ልዩ ዐቃቤ ሕግ በየክሱ የሟቾችን ስም ይዘረዝር ነበር አልኳቸው። ደብተራቸውን ከፈቱና የወንድማቸውን ስም ከነአባቱ ጻፉልኝ። አንዲት ፊደል ተሳስተው ሰርዘው አስተካከሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት፦ ይግባኝ ምንድን ነው? ለማንስ ይቀርባል?