ሮኬቶችን የሚፈትነው የታመቀ ጋዝ

ነሐሴ 26/2008 ዓ.ም. የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዘከርበርግ ናይሮቢ ሳሉ፣ በአሜሪካ ኬፕ ካናቬራል የስፔስኤክስ ፋልከን 9 ሮኬት ነዳጅ እየተሞላ ሳለ ፈነዳ። ከሰሃራ በታች ላሉ አገራት ኢንተርኔት ያዳርሳል የተባለው አሞስ 6 ሳተላይትም አብሮ ወደመ።

የአደጋው መነሻ ሂሊየም የታመቀበት ሲሊንደር ነበር። የሮኬት ታንክ እየጎደለ ሲሄድ ግፊቱ እንዳይወርድ ባዶውን ቦታ የሚሞላ ጋዝ ያሻዋል። ሂሊየም የሚመረጠው ቀላል በመሆኑና ከነዳጅም ሆነ ከኦክስጅን ጋር ስለማይዋሃድ ነው። ጋዝ ሲቀዘቅዝ በጠባብ ቦታ በብዛት ስለሚከማች፣ ሲሊንደሮቹ በፈሳሽ ኦክስጅን ታንክ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ይህ ክብደት ይቆጥባል። ሆኖም በሲሊንደሩ የአሉሚኒየም ግድግዳና በካርበን መጠቅለያው መካከል የተከማቸ ኦክስጅን እሳቱን ሳያስነሳ እንዳልቀረ ምርመራው አመልክቷል።

ሂሊየምን ይዞ ማቆየትም ፈታኝ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተወነጨፈችው የቦይንግ ስታርላይነር መንኮራኩር ሂሊየም አፈትልኮባት፣ አንዳንድ ሞተሮቿም እክል ገጥሟቸው፣ ያለ ጠፈርተኞቿ ተመልሳለች። ሁለቱ ጠፈርተኞች ወደ ምድር የተመለሱት ከዘጠኝ ወራት በኋላ በሌላ መንኮራኩር ነው።

የራሳቸው ሮኬት የሌላቸው የአፍሪካ አገራት በእነዚህ የምህንድስና ውሳኔዎች ድምፅ የላቸውም፤ አሞስ 6 እንዳሳየው ግን ከኪሳራው ይካፈላሉ።